ከጃፓን ልብ ወለድ መጻሕፍት ጋር በአቃቂ

ከጃፓን አገር ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ ቤት አስቀድሞ የገባው ጨርቅ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ከጠላት ወረራ በፊት፥ በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት፥ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውን አቡጀዲድ በርካሽነቱ ድል ነሥቶ ገበያችንን የያዘው የጃፓን አቡጀዲድ ነበር። ስለዚህ ከአያቶቻችን ብዙዎቹ የጃፓንን ስም በካርታ ላይ ሳያዩ የጃፓንን ጥጥ በገላቸው ላይ ለብሰዋል ማለት ይቻላል። ለተማሩት አባቶቻችን ግን ጃፓን ጨርቅ ብቻ ሳትሆን ትልቅ ጥያቄ ነበረች።

ይኸውም ጥያቄ፥ «እንደ እኛ ጥንታዊት የሆነች፥ እንደ እኛም ንጉሠ ነገሥት ያላት አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከኃያላን መንግሥታት ጎን ለመቆም የቻለችው በምን ብልሃት ነው?» የሚል ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው ጃፓንን ለአርአያነት ጠሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመውን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ከፊታቸው አኑረው ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. ያወጡትን መጽሐፍ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው በጥያቄው በራሱ ሰየሙት።

«እንደምን» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይላት ዘንድ እንለምናለን። አባቶቻችን እንዲህ ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ አገሩን ለማዳን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው መድፉ እንዴት እንደ ተሠራ፥ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደ ተከፈተ፥ ሕጉ እንዴት እንደ ተጻፈ ነውና። ነገር ግን ከዚህ አጠገብ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ያ ሁሉ ሲሆን በየቤቱ ያለው ሰው እንደምን ቻለው?» የሚል። ይህን ሚኒስትር ቢጠየቅ አይመልሰውም፤ ፋብሪካም ቢጎበኙ አይታይም። መልሱ ያለው ጃፓኖች ስለ ራሳቸው፥ ለራሳቸው በጻፉት ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ነው። እኛም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከእነዚህ መጻሕፍት እጃችን የገባውን ያህል ስናነብ ያደረብንን ስሜት፥ እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ ተራ አንባቢ፥ ለዚህ መጽሔት ወዳጆች ለመንገር እንሞክራለን።

መጻሕፍቱን ያነበብናቸው በአቃቂ ነው። አቃቂን የሚያውቅ ሰው ቦታው ለንባብ የተመረጠ ነው አይልም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፥ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነው፤ በበጋ አቧራው፥ በክረምት ጭቃውና የወንዙ ሙላት ያስቸግራሉ። ከጂቡቲ የሚመጣው የምድር ባቡር ለገሃር ሳይደርስ የሚቆምበት ጣቢያ እዚህ ነበር፤ ዛሬ ግን በአሮጌው ሐዲድ ላይ ባቡር መሄድ ከተወ ዓመታት አልፈዋል። አባታችን ከህንዶች ጋር በሽርክና በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፥ በፈትል ክፍል በፈረቃ ሲሠሩ ኖረው በጡረታ ወጥተዋል። አቡጀዲድን ከባሕር ማዶ ይጠብቅ የነበረው አገር ራሱ ሊፈትልና ሊሸምን የተነሣው እንዲህ ባሉት ፋብሪካዎች ነው፤ እኛም ፊደል የቆጠርነው በዚያ ፈትል ደመወዝ ነው።

ከመጻሕፍቱ አንዳንዶቹን የገዛናቸው በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ነው፤ ሌሎቹን ደግሞ ውጭ አገር ያለ ወዳጅ ልኮልናል። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተተረጐሙ ናቸው። እንግዲህ የጃፓኑ ደራሲ ነገር ወደ እኛ የደረሰው ሁለት ባሕር ተሻግሮ ነው፤ አንዱን ተርጓሚው በብዕሩ፥ ሁለተኛውን እኛ በአእምሯችን። ውኃ ከእንስራ ወደ ገንቦ፥ ከገንቦም ወደ ቅል ሲገለበጥ መፍሰሱ አይቀርምና፥ ብዙ ነገር እንደሚጠፋ ገምተን ነበር የጀመርነው። ሆኖም በመጀመሪያው መሻገር ከጠፋው ጥቂቱ በሁለተኛው ተመልሶ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይተናል። ማታ ማታ ያነበብነውን ለአባታችንና አብረውን ለሚኖሩት ለአክስታችን በአማርኛ መተረክ ከጀመርን ወዲህ ደግሞ ይህ ነገር ይበልጥ ተገለጠልን።

ከሁሉ የሚቀድመው «የገንጂ ታሪክ» ነው። የጻፈችው ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለች የቤተ መንግሥት ወይዘሮ ናት፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በኋላ 1000 ዓመት ግድም ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሊታነጹ ገና ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲቀራቸው ማለት ነው። መጽሐፉ 54 ምዕራፍ አለው፤ ወደ 800 የሚጠጉ አጫጭር ግጥሞችም በየቦታው ተሰክተውበታል። እንግሊዛዊው አርተር ዌሊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1933 ድረስ በስድስት ቅጽ ተርጉሞ አወጣው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጃፓንን በዓይኑ ሳያይ መኖሩ የሚያስደንቅ ነው። ከእርሱ በኋላ ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር በ1976፥ ሮያል ታይለር ደግሞ በ2001 እንደገና ተርጉመውታል፤ እኛ ያነበብነው የዌሊውን ነው።

የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች እንደ ሰለቹን አንደብቅም። ገንጂ የንጉሠ ነገሥት ልጅ፥ መልከ መልካም፥ ግጥም ዐዋቂ፥ ብዙ ሴት ወዳድ ነው፤ ከእልፍኝ ወደ እልፍኝ ሲመላለስ ይውላል። በዚያ ላይ በግቢው ውስጥ ሰውን በስሙ መጥራት ነውር ስለ ሆነ፥ ሁሉም የሚጠራው በማዕርጉ ወይም በሚኖርበት ቤት ስም ነው፤ ሲሾምም መጠሪያው ይለወጣል። በዚህ የሚማረሩ አውሮጳውያን አንባቢዎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ንጉሡን አባ ዳኘው፥ አባ ታጠቅ እያለ በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ሙሽራይቱም የባሏን ዘመዶች በስማቸው የማትጠራበትን ቤት እናውቃለን። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ለመድነው።

በዚያ ዘመን በጃፓን የተማረ ወንድ የሚጽፈው በቻይና ቋንቋ ነበር። የቻይና ጽሕፈት ለእነርሱ ግእዝ ለእኛ ሊቃውንት እንደ ነበረው ያለ የክብርና የምስጢር ልብስ ነው። የአገሩን ቋንቋ በቀላሉ ፊደል መጻፍ ግን ለሴቶች የተተወ ነበር፤ እነሆ ወንዶቹ በቻይንኛ ከጻፉት ይልቅ ዛሬ ዓለም የሚያነበው የሴቶቹን ሆነ። ሙራሳኪ በማስታወሻዋ እንደምትተርከው፥ ወንድሟ ቻይንኛ ሲማር አጠገቡ ተቀምጣ እየሰማች ከእርሱ ቀድማ ስለምትይዘው፥ አባቷ ወንድ ሆና አለመፈጠሯን እያነሣ ያዝን ነበር። ይህን ስናነብ ከአባታቸው ጉባኤ ቅኔን የወረሱት የጎጃሟ መምህር እመሆይ ገላነሽ ሐዲስ ትዝ አሉን።

የቅኔን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ እንጨምር። የጃፓን ባለቅኔዎች አንዱን ቃል በሁለት ፍች ማንጠልጠል ይወዳሉ። «ማትሱ» ሲሉ የጥድ ዓይነት የሆነው ዛፍ ነው፤ «መጠበቅ» ማለትም ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት በግጥሟ ስለ ዛፉ ስታነሣ፥ ሰውዬው እስኪመጣ መጠበቋን ነግራዋለች። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ይህን ለማስረዳት በገጹ ግርጌ ማስታወሻ ይደረድራሉ። ለእኛ አንባቢ ግን «ይህ ኅብር ነው» ቢሉት ይበቃዋል፤ የቆሎ ተማሪ ሳይቀር ይገባዋል። ልዩነቱ የእኛ ሊቅ ወርቁን ቀብሮ ሰሚውን እስኪያልበው ድረስ ማስቆፈሩ፥ ጃፓናዊቱ ደግሞ በጭጋግ ብቻ ከልላ መተዋ ነው። የትኛው ይበልጣል ቢሉን፥ ለጉባኤ የእኛው፥ ለደብዳቤ የእነርሱ ይሻላል እንላለን።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሞቶኦሪ ኖሪናጋ የተባለ ሊቅ፥ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ክፉና ደግ ለማስተማር ሳይሆን «ሞኖ ኖ አዋሬ» ለሚባለው ስሜት ነው ብሎ ተከራክሯል። እንግሊዞቹ ቃሉን በአንድ ቃል መመለስ አቅቷቸው ሲያስረዝሙት እናያለን። አማርኛ ግን የሚያልፍን ነገር አይተው፥ የመስከረም ዝናብ ሲያባራ፥ ወይም የሄደ ሰው ነጠላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩ የሚሰማውን «ሆድ መባባት» ይለዋል። ገንጂ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ሲያረጅ፥ የወደዳት ሙራሳኪ የምትባለው ሴት ስትሞትበት፥ ሆዳችን ባባ፤ ያስተማረን ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ለመናገር አንችልም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እያንዳንዱን ታሪክ «ምክሩ ምንድን ነው» እያልን ለተማርነው፥ ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

ከገንጂ በኋላ የነበሩትን የጦረኞችና የነጋዴዎች ታሪኮች እዚህ ትተናቸው ወደ እኛው ጥያቄ ዘመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1868 የንጉሠ ነገሥት መይጂ መንግሥት ተቋቁሞ አዲሱ ሥልጣኔ ተጀመረ። ከዚያ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፥ ከ1887 እስከ 1889 ድረስ፥ ፉታባቴይ ሺሜይ የተባለ ወጣት «ተንሳፋፊ ደመና» የሚለውን ታሪክ በተራው ሕዝብ አነጋገር ጻፈ፤ ሊቃውንቱም የጃፓን ዘመናዊ ልብ ወለድ የሚጀምረው ከዚህ ነው ይላሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን መጽሐፍ ብታገኙት አትለፉት። ቡንዞ የተባለው ልጅ ከገጠር መጥቶ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይሆናል፤ ቅን ነው፥ ትጉህ ነው፥ ግን አለቃን ማሞገስ አያውቅበትም። ሠራተኛ ሲቀነስ እርሱ ይቀነሳል፤ ማሞገስ የሚያውቀው ጓደኛው ግን ያድጋል። ልጇን ልትድርለት ታስብ የነበረችው አክስቱ በዚያው ቀን ፊቷን ታጠቁርበታለች። ከዚያ በኋላ ቡንዞ ምን ያደርጋል ቢሉ፥ ምንም አያደርግም፤ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሉ ገብቶ ያስባል፥ ይወርዳል፥ ደግሞ ይወጣል። ደራሲው መጽሐፉን ሳይጨርሰው ተወው።

ከሃያ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1908፥ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ፥ ኋላ «ጦቢያ» የተባለውን፥ በሮማ አሳተሙ። በጦቢያ ጦርነት አለ፥ ምርኮ አለ፥ ወንድ መስላ የምትጓዝ ቆንጆ አለች። የአማርኛውን ጣዕም ከቡንዞ ታሪክ ጋር የምናወዳድረው አይደለም፤ አፈወርቅ ይበልጡብናል። ነገር ግን ጦቢያን ለብዙ ዘመን ስንፈልጋት አላገኘናትም፤ ቡንዞን ግን ትናንት ከአቃቂ ታክሲ ስንወርድ ከፊታችን ሲሄድ ያየነው ይመስለናል።

አሁን ወደ ናትሱሜ ሶሴኪ ደረስን። ይህ ሰው የተወለደው በ1867፥ አዲሱ መንግሥት ሊቋቋም አንድ ዓመት ሲቀረው ነው፤ ከአዲሲቱ ጃፓን ጋር እኩያ ማለት ነው። መንግሥቱ በ1900 ወደ ለንደን ለትምህርት ላከው፤ ሁለት ዓመት ክፍሉን ዘግቶ ሲያነብ ጤናው እስኪታወክ ድረስ ተሠቃየ። ተመልሶ በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1907 ግን ያን የተከበረ ሥራ ትቶ በጋዜጣ ላይ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነ። መምህራን አስቀድመው «ቦቻን» የሚለውን መጽሐፉን ያንብቡ። ከዋና ከተማ ወደ ጠቅላይ ግዛት ስለ ተላከ የሒሳብ አስተማሪ የሚናገር አስቂኝ ታሪክ ነው፤ ተማሪዎቹ ማታ ምግብ ቤት ገብቶ አራት ሳሕን መብላቱን ሰምተው በማግስቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፉበታል። የተማሪ ነገር በየአገሩ አንድ ነው።

«ሳንሺሮ» የተባለው ሌላው መጽሐፉ በ1908 ወጣ። ጃፓን ሩስያን ድል ካደረገች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዓለምም ያደንቃታል። ሳንሺሮ ከሩቅ አገር ወደ ቶክዮ ለትምህርት በባቡር ሲጓዝ አንድ ጢማም ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ኮክ ያካፍለዋል። ልጁ ጃፓን ከእንግዲህ ወዲያ እያደገች መሄዷን በተስፋ ሲናገር፥ ሰውዬው እንደ ዋዛ አድርጎ ትጠፋለች ይለዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ጃፓንን ለአርአያነት የጠሩት ከዚያ ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይቶ እንደ ሆነ እናስታውስ። እኛ ከሩቅ ሆነን መብራቱን ስናይ፥ በዚያው በመብራቱ ሥር ያለው ሰው ዘይቱን እየቆጠረ ነበር። በ1945 ቶክዮ በእሳት ስትጋይ የጢማሙን ሰው ቃል ያስታወሱ አንባቢዎች ሳይኖሩ አይቀሩም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን በ1914 የወጣው «ኮኮሮ» ነው። ኤድዊን ማክሌላን በ1957 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ርእሱን ሳይተረጉም እንዳለ ተወው፤ ቃሉ ስሜትንም፥ ሐሳብንም፥ መንፈስንም የሚያጠቃልል ስለ ሆነ የእንግሊዝኛው የልብ ስም አይበቃውምና። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው መሻገር የጠፋውን የሚመልሰው። የእኛ «ልብ» የሚወድበትም የሚያስብበትም ነው፤ «ልብ አድርግ» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፥ «ልብ የለውም» ስንል ማስተዋል ወይም ወኔ ጎድሎታል ማለታችን ነው፤ ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ራሱን የምንጠራው «ልብ ወለድ» ብለን ነው። መጽሐፉን በአማርኛ «ልብ» ብሎ መሰየም ይቻላል፤ ምንም አይጎድልበትም።

የታሪኩም ዋና ሰው ስም የለውም፤ ወጣቱ ተማሪ «ሴንሴይ» እያለ ይጠራዋል። ሰውዬው በየትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ ልጁ ግን ከመምህራኑ ሁሉ ይልቅ እርሱን መምህሬ ብሎታል። እንግሊዝኛው ለዚህ ቃል አጥቶ ጃፓንኛውን አስቀረው። እኛ ለአባታችን ስንተርክ «የኔታ» አልን፤ አባታችን ፊደል የቆጠሩት በደብር ነውና፥ ልጁ ሰውዬውን ለምን እንደሚከተለው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ገጠር ወዳሉት ወላጆቹ ይመለሳል። አባቱ ታመዋል፤ ቢሆንም የልጃቸውን ዲፕሎማ ሲያዩ ደስታቸው ወሰን የለውም። ወረቀቱ በሻንጣ ውስጥ ተጨማድዶ ስለ ነበር፥ እንግዳ እንዲያየው በክብር ቦታ ሊያቆሙት ሲሞክሩ እየታጠፈ ይወድቃል። ልጁ በአባቱ ደስታ ያፍራል፤ የእርሱ ልብ ቶክዮ፥ ከየኔታ ዘንድ ነው። በዚያው ወራት ንጉሠ ነገሥት መይጂ ታመው በሐምሌ ወር 1912 ያርፋሉ፤ በቀብራቸው ዕለት ጄኔራል ኖጊ ከሚስታቸው ጋር ራሳቸውን ያጠፋሉ። የልጁም አባት እያጣጣሩ ሳለ ከየኔታ ረጅም ደብዳቤ ይመጣል፤ ልጁ ገልጦ ቢያየው የስንብት ደብዳቤ ነው። ያን ጊዜ ከሚሞተው አባቱ አጠገብ ተነሥቶ፥ ለቤተ ሰቡ አጭር ማስታወሻ ልኮ፥ ወደ ቶክዮ በሚሄደው ባቡር ላይ ይሳፈራል። የቀረው የመጽሐፉ ክፍል ደብዳቤው ብቻ ነው፤ የኔታ በወጣትነቱ ጓደኛውን እንዴት እንደ ከዳና ያ ጸጸት እንዴት እንደ በላው የሚናገር። ስለ ልጁም ስለ አባቱም ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለም።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሞት ስናነብ አንድ ነገር ማሰባችን አልቀረም። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ ከመይጂ ሞት በኋላ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም። በጃፓን የንጉሡ ሞት በአዋጅ ተነግሮ የአንድ ትውልድ ሰው ሁሉ ዘመኑ እንዳለፈ ዐወቀ፤ በእኛ ዘንድ ግን ሞቱ በምስጢር ተያዘ። ዘመን ማለፉን ሳይነገረው የሚያድር ሕዝብ ልብ ወለዱን የሚጽፈው በሌላ መንገድ ይሆን? ይህን ለታሪክ ዐዋቂዎች እንተወዋለን።

ይህን ታሪክ ለአባታችን የተረክንላቸው መብራት በጠፋበት ማታ ነው። የእኛ ዲፕሎማ በመስተዋት ተከድኖ ከራስጌያቸው በላይ ተሰቅሏል፤ ያሠሩለትም እርሳቸው ናቸው፥ በአንድ ወር የሌሊት ፈረቃ አበል። ዲፕሎማው እየታጠፈ ከሚወድቅበት ላይ ስንደርስ ሳቅ አሉ። ባቡሩ ላይ ስንደርስ ግን ዝም ብለው ቆዩና፥ «ኋላስ ደረሰላቸው?» አሉን። መጽሐፉ አይናገርም አልናቸው። «እንዴት አይናገርም? አባትየው ሞቱ ወይስ ልጁ ደረሰ?» አሉ። አሁንም አይናገርም አልን። ጥቂት ቆይተው፥ «ጻፊው አባት አልነበረውም እንዴ?» ብለው ጠየቁና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ይህ ጥያቄ እንደ አባታችን ተኝቶ አላደረም። የሶሴኪን የሕይወት ታሪክ ፈልገን ስናነብ፥ ሶሴኪ ወላጆቹ ካረጁ በኋላ የተወለደ ልጅ ስለ ነበር በሕፃንነቱ ለሌላ ሰው በማደጎ ተሰጥቶ እንደ ነበር ተረዳን። ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲሆነው ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ አያቶቹ መስለውት ኖሮ፥ አንዲት የቤት ሠራተኛ በሌሊት በሹክሹክታ «አባትህና እናትህ እኮ ናቸው» ብላ ነገረችው። ይህን በማግስቱ ለአባታችን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ምንም አላሉም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ «ኮኮሮ» የጻፉትን ጥቂት መቅድሞች አንብበናል፤ ወደ መጽሐፉ ልብ እንዲህ የቀረበ ጥያቄ ግን አላገኘንባቸውም።

እዚህ ላይ የብላቴን ጌታ ኅሩይን «አዲስ ዓለም» ማስታወስ ይገባል። በ1925 ዓ.ም. የታተመው ይህ ታሪክ አወቀ የተባለ ልጅ አውሮጳ ተምሮ ሲመለስ ከወገኖቹ ጋር በጋብቻና በተዝካር ልማድ ሲከራከር ያሳያል። አወቀ የሚጣላው ከልማድ ጋር ነው፤ ልማድ ደግሞ በምክርና በጉባኤ ሊቃና ይችላል። የሶሴኪ ተማሪ ግን ከማንም አይጣላም፤ አባቱ አይከለክሉትም፥ እናቱ አይቆጡትም፤ ይወዱታል፥ እርሱም ይወዳቸዋል፤ የሚያወሩት ነገር ብቻ የላቸውም። የተማረ ልጅና ያስተማረ አባት ሞሰብ ከበው ዝም የሚሉበትን ማታ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በጃፓን ቆይታቸው ሊያዩት አይችሉም ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ለእንግዳ አይታይም።

ከሶሴኪ በኋላ የመጡትን ባጭሩ እናንሣ። ያሱናሪ ካዋባታ በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ደራሲ ነው፤ «የበረዶ አገር» የሚለው መጽሐፉ ባቡር ከተራራ ሥር ዋሻ ወጥቶ ነጭ ምድር ውስጥ ሲገባ ይጀምራል። በጣም የተደነቀ መጽሐፍ ነው፤ እኛን ግን አልያዘንም። አንደኛው ምክንያት ቋንቋችን ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፥ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውንም፥ በመጠጥ ውስጥ የሚገባውንም አንድ ላይ «በረዶ» ይለዋል። አንድ መጽሐፍ ሙሉ በባዘቶው ላይ ሲቆም የአቃቂ አንባቢ ጣራው ላይ ጠጠር ይሰማዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሰውዬው ነው፤ ሚስትና ልጆቹን ትቶ በየጊዜው ወደ ፍል ውኃው መንደር እየሄደ ሴቲቱን ሲያስለቅስ፥ ሐዘኑ ሁሉ ለሴቲቱ ሆኖ ለእርሱ የሚተርፍ አልነበረንም።

በመጨረሻ ያነበብነው የጁኒቺሮ ታኒዛኪ «የማኪዮካ እኅትማማቾች» ነው። ቤታችንን ሁሉ ያስደሰተ መጽሐፍ ይህ ነው። በኦሳካ ከተማ ታላቅ ስም ስለ ነበረው፥ አሁን ግን እየወረደ ስለሚሄድ የነጋዴ ቤት የሚናገር ነው፤ አራት እኅትማማቾች አሉበት፥ ጹሩኮ፥ ሳቺኮ፥ ዩኪኮና ታኤኮ። ሦስተኛይቱ ዩኪኮ ዕድሜዋ ሠላሳ ሞልቶ ባል አላገባችም። መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ሽማግሌ ሲላክ፥ ዘር ሲቆጠር፥ የሰውየው እናት ምን በሽታ እንደ ነበረባት በምስጢር ሲጠየቅ፥ ነገሩ ሲፈርስና ሌላ ሽማግሌ ሲመጣ ይተርካል። አክስታችን እያንዳንዱን ባል ፈላጊ መዝነው አስቀድመው ፍርድ ይሰጡ ነበር፤ ከአንዱ በቀር አልሳቱም። ታናሺቱ ታኤኮ የጎርፍ አደጋ ደርሶባት በነበረበት ምዕራፍ፥ ያ ጎርፍ በ1938 በኮቤ አካባቢ በእውነት የሆነ ነው፥ ወንዛችን ሲሞላ የምናውቀው ሁሉ ደረሰ፤ ጭቃው፥ ግንዱ፥ በጣራ ላይ የሚጮኸው ሰው።

የእኅትማማቾቹ አጠራር ደግሞ ለአማርኛ የተፈጠረ ነው። ታናሺቱ ታላቂቱን በስሟ ብቻ አትጠራም፤ እንግሊዝኛው ይህን ወይ ይዘለዋል ወይ በባዕድ ቃል ያስቀረዋል። እኛ «እትዬ» ብለን አለፍን። አንዲቱ ሌላይቱን «አንቺ» የምትልበትንና «እርስዎ» የምትልበትን ቦታ ከእንግሊዝኛው ማግኘት ስለማይቻል፥ ከነገሩ አካሄድ እየገመትን ራሳችን መለስነው። ይህ ሁሉ ከጃፓንኛ በቀጥታ የሚተረጉም ኢትዮጵያዊ ቢኖር ምን ያህል ይቀልለት እንደ ነበር ስናስብ እንቀናለን።

ታኒዛኪ ይህን መጽሐፍ በ1943 በወርኃዊ መጽሔት ማውጣት ሲጀምር፥ የጦሩ ባለ ሥልጣኖች በጦርነት ጊዜ ስለ ሴቶች ቀሚስና ስለ ጋብቻ ማውራት አይገባም ብለው አስቆሙት። እርሱም ሳያሳትም ቤቱ ተቀምጦ መጻፉን ቀጠለ፤ ኦሳካ ስትቃጠልም አልተወውም፤ በ1948 ተፈጸመ። ለእኛ «እንደምን ቻሉት» ለሚለው ጥያቄ ይህ አንዱ መልስ ይመስለናል፤ ሁሉም ሲፈርስ እርሱ ሳቺኮና እኅቶቿ በየጸደዩ ወደ ኪዮቶ ወርደው አበባ ሲያዩ ምን ዓይነት ኪሞኖ ለብሰው እንደ ነበር በጥንቃቄ ይጽፍ ነበር።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ዩኪኮ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ታጨች፤ ሠርጉ በቶክዮ ነው፤ ልብሱ ተሰፍቷል፥ ባቡሩ ቀርቧል። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌና ከዚያ ሁሉ ገጽ በኋላ ደራሲው ስለ ደስታ ወይም ስለ ዕንባ አንዳች ነገር ይናገራል ብለን ስንጠብቅ፥ የነገረን ሙሽራይቱን ሆዷ እንደ ታመማት፥ መድኃኒትም እንዳላቆመላት፥ ባቡሩ ውስጥም ሆዷ ሲያስቸግራት እንደ ሄደች ነው። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ለአክስታችን ይህን ስንነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፥ «ለመሆኑ እኅቶቿ ሲሸኟት ትንሽ ፌጦ እንኳ አልቋጠሩላትም?» ብለው ጠየቁን።